ዓይን የሚጨፈንባት መኪና

ታኑንዳ፣ ደቡብ አውስትራሊያ
ማርች 8 ቀን 1998

ለተወደድሽው ለቴያ ዝዋር፣

ጌታ በሄድሽበት መንገድ ሁሉ ይቅደምልሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? የስኮትላንድ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኔ ለሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ስቀመጥ ያጉረመርማል፣ ስነሳ ይሳደባል፤ ከዚያ በቀር ተመስገን ነው። እናትሽ አልማ የአጎቴ ልጅ ብትሆንም እንደ እህትና ወንድም ነበር ያደግነው፤ መቃብሯ ላይ የተከልኩት ጽጌረዳ ይዟል። ጎረቤቴ ኤልቪራ ግሮከም ሰላም ብላሻለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያንን ለሁለት ሰው የሚከብድ ጥሩምባዋን ከምሳ በኋላ በረንዳ ላይ ሆና ትነፋዋለች። ዶሮዎቼ እንቁላል መጣል አቁመዋል። ብነግራት «ዶሮዎችህ ሙዚቃ አይገባቸውም» አለችኝ።

የወይን ለቀማው ተጀምሯል፤ መንደሩ በሙሉ ጭማቂ ጭማቂ ይሸታል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ለመኪናዬ ለዋግቴሏ ሁለት የካርቡራተር መርፌና አንድ ጓርኒሲዮን ፈልጊልኝ። ሞተሯ እንግሊዝ ሠራሽ ስለሆነ ከዚያ አገር አይጠፋም። መኪናዋ ደህና ናት፤ እንደ ስሟ ወፍ ጭራዋን ማወዛወዙን አልተወችም። ሟቹ ፔንግሊ በጎተራው ውስጥ ከሠራቸው አርባ አንድ ዋግቴሎች ዛሬ የቀረነው አሥራ ዘጠኝ ነን።

ባለፈው ሳምንት ያ የጥርስ ሐኪም፣ ፕራውስ፣ ከአዴሌድ ደግሞ መጣ። ዘጠኝ መኪና አለው፤ ዘጠኙም ብርድ ልብስ ለብሰው ጋራዥ ውስጥ ተኝተዋል። «ሚስተር ኖስከ፣ ዋግቴልዎን፣ ቁጥር አሥራ ሰባትን፣ ለኔ ይልቀቁልኝ፤ እንደ ልጄ ነው የምይዛት» አለኝ። «ለመሆኑ ስንት ልጆች አሉህ?» አልኩት። «የለኝም» አለ። «ታዲያ!» አልኩት። እየሳቀ ወጣ፤ ካርዱን ግን ጠረጴዛዬ ላይ ትቶ ነው የሄደው።

የኮረብታው ቀን፣ ዋግቴሎቹ የሚወጡበት፣ እንደወትሮው የኦክቶበር የመጀመሪያው እሑድ ነው። ዘንድሮ ሠላሳ አምስተኛዬ ነው። መርፌዎቹን አታዘግዪብኝ።

የአልማ አምላክ ይጠብቅሽ።

አጎትሽ አልዊን ኖስከ


ኢንቨርነስ፣ ስኮትላንድ
ኤፕሪል 2 ቀን 1998

ለተከበሩ አጎቴ ለአልዊን ኖስከ፣

ሰላም ከቤትዎ አይጥፋ፤ ለዶሮዎችዎም ትዕግሥቱን ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። አውቶቡሴን ይዤ በሳምንት አምስት ቀን ወደ ሰሜኑ ወደብ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ በጉ ደግሞ መንገዱ የራሱ ይመስለዋል። ስለ እናቴ ጽጌረዳ እግዜር ይስጥልኝ።

መርፌዎቹንና ጓርኒሲዮኑን ዛሬ በፖስታ ልኬያለሁ። የሸጠልኝ አሮጌ መኪና በታትኖ የሚኖር ሰውዬ ለምን መኪና እንደሆነ ሲሰማ ባርኔጣውን አወለቀ። የሞተ ሰው ያለ መስሎት ይሁን አላውቅም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የመሥሪያ ቤታችን መካኒክ ዱጋል መርፌዎቹን ሳሽግ አየና ነገሩን ጠየቀኝ። ነገርኩት። ዋግቴል እንደማይሸጥ፣ የሚሰጥ እንደሆነ። መኪናዋን የሚፈልግ ሰው ባለቤቱን አጠገቡ አስቀምጦ ኮረብታውን እንደሚወጣ፤ ባለቤቱ ከታች እስከ ጫፍ ዓይኑን እንደሚጨፍን። «ዓይን ይታለላል፤ መቀመጫ አይታለልም» የሚለው የፔንግሊ ቃል የናንተ ሕግ እንደሆነ። ያለፈውም የወደቀውም በመጽሐፉ ላይ እንደሚጻፍ፣ መጽሐፉም በየዓመቱ በባለቤቶቹ የኖቬምበር ምሳ ላይ ለሁሉ እንደሚነበብ።

«ዓይኑን ጨፍኖ?» አለ ዱጋል።

«ጨፍኖ።»

«ገደል አለው ኮረብታው?»

«ትንሽ።»

«እናንተ አገር ሐኪም የለም?»

ስቄ ማሸጌን ቀጠልኩ። እንግዲህ እርስዎን ልጠይቅ። በጋ ታቃጥላለች፣ ክረምት ታፈስሳለች፣ መስኮት የላትም፤ ሁለት ሰው ከነቦርሳው አይገባባትም። የተሻለ መኪና ሞልቷል። ለምንድን ነው እንዲህ የሚያንሰፈስፍዎት? ይህን እኔም ላውቀው ይገባኛል፤ በዚያ መጽሐፍ ላይ ስሜ አለና። «ቴያ ዝዋር፣ 1986። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ከነዳጁ እግሯን አነሳች፤ ወደቀች።» አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከምሳው በኋላ ሲሳቅብኝ መኖሩን የነገሩኝ ዘመዶች አልጠፉም።

ነገር ፍለጋ አይደለም። ለኤልቪራ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ቴያ


ታኑንዳ
ሜይ 30 ቀን 1998

ልጄ ቴያ፣

ሰላሙ አይለይሽ። መልሴ ስለዘገየ አትቀየሚኝ። ፊደሌ ስለ ሰፋም አትደነቂ፤ አዲስ ወፍራም ብዕር ገዝቼ ነው። መርፌዎቹ ደርሰው ገብተዋል። ሞተሯን ሳስነሳት ያ የጉሮሮ መንቃቃቷ ጠፋ፤ እንደ ድሮዋ ተንተከተከች። ባለፈው እሑድ ከኤልቪራ ጋር እስከ ጎረቤት መንደር እስከ ቤታኒ ሄድን። አየሩ ቀዝቃዛ ነበር፤ የተቃጠለ ሐረግ ጢስ ይሸታል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል በስተግራችን ይሰማ ነበር። ጠጠሩ ጎማዋ ሥር እንዴት ያለ ድምፅ እንዳለው ረስተሽው ይሆን? ቆሎ በምጣድ እንደሚንጣጣ።

ለምን ብለሻል። ስንት ሰው ጠይቆኛል፤ ለሁሉም ስለ ሞተሩ አወራለሁ። ላንቺ ግን ሌላውን ልንገርሽ።

መኪናዋን ከፔንግሊ በጠየቅሁ ጊዜ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ወይን ጠጅ ቤቱ ውስጥ በርሜል ሠሪ ነበርኩ። በርሜል በመዶሻ ሲመታ ይናገራል፤ የቱ ጋ እንደላላ የሚያውቀው ጆሮ ነው። በዚያ ሥራ አርባ ዓመት ሠርቻለሁ። አለቃዬ አንድ ቀን «ጎበዝ» ብሎኝ አያውቅም፤ በርሜሉ ካላፈሰሰ ዝም፣ ካፈሰሰ ጩኸት። ፔንግሊ አጠገቤ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ ኮረብታውን አወጣሁት። ጫፉ ላይ እንደቆምን ዓይኑን ሳይገልጥ «ሥራህ ምንድን ነው?» አለኝ። «በርሜል እሠራለሁ» አልኩት። «ለካስ! ታዳምጣለህ አንተ» አለኝ።

ይኸው ነው፣ ቴያ። ሌላ መኪና ይታገስሻል፤ ብታጠፊም ብታለሚም እሱ ዝም ብሎ ይወስድሻል። እሷ ግን አትታገስም። መሪውን በአንድ ጣት ብታበዢ ወዲያው ትነግርሻለች፤ አሳምረሽ ከያዝሽም ወዲያው ትነግርሻለች። ሚስቴ ሁልዳ፣ ነፍሷን ይማር፣ «የኔን ነገር እንደ መኪናዋ ብታዳምጥ ኖሮ ቅድስት እሆን ነበር» ትል ነበር። እውነቷን ነው።

አሁን የምፈልገው ሌላ ነው። ክንድ የሚያህል ጎማ ቱቦ ላኪልኝ፤ ቀጭኑን። አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ፣ አንዱን ካርቡራተሩ አፍ ላይ አድርጌ ትንፋሿን የምለካበት የድሮው ደርቆ ተሰነጠቀ።

ስለ መጽሐፉ ያልሽውን አንብቤያለሁ።

አልዊን


ኢንቨርነስ
ጁን 20 ቀን 1998

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤናና ሰላም ይብዛልዎ። ቱቦው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው፤ አንድ ክንድ ብለው ሁለት ክንድ ልኬያለሁ።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ደስ አለኝ፤ ከዚያ ደስታዬ ቀዘቀዘ። ጢሱን ሸተቱ፣ ደወሉን ሰሙ፣ ጠጠሩን ሰሙ። ነገር ግን ወይኑ ቅጠሉን አራግፎ እንደሆነ ወይም ገና ቀይ እንደሆነ አልጻፉልኝም። ልጅ ሳለሁ በሜይ ወር የቤታኒን መንገድ ስንሄድ «እይው፣ ይህን እይው!» እያሉ አንገቴን የሚያስጠመዝዙኝ እርስዎ ነበሩ። «ስለ መጽሐፉ ያልሽውን አንብቤያለሁ» የሚለውም መልስ አይደለም።

እኔ አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤ የሰው ዓይን የት እንዳለ ማወቅ ሥራዬ ነው። እንግዲህ ልጠይቅዎ፦ በዚያ እሑድ መሪውን የያዘው ማን ነበር?

ቴያ


ኢንቨርነስ
ኦገስት 16 ቀን 1998

አጎቴ አልዊን፣

ሰላም ለርስዎ ይሁን። ደብዳቤዬን ከላክሁልዎ ሁለት ወር ሊሆን ነው። ቢቆጡኝም ይጻፉልኝ። ቁጣዎን አውቀዋለሁ፣ ዝምታዎን ነው የማልችለው። ለኤልቪራም ስልክ ደውዬ ነበር። «እሱ ራሱ ይንገርሽ» ብላ ስልኩን ሳትዘጋው ጣል አደረገችው፤ ወዲያው ደግሞ ጥሩምባውን አነሳች መሰለኝ፣ ዶሮዎቹ ሲንጫጩ እየሰማሁ ነው የተቋረጠው።

ቴያ


ታኑንዳ
ኦገስት 29 ቀን 1998

ልጄ ቴያ፣

የእግዚአብሔር ምሕረት በሁለታችንም ላይ ይሁን። የእጅ ጽሑፉ የኤልቪራ ነው፤ ቃሉ የኔ ነው። (ቃሉ የሱ ነው፤ ጥሩው ሐሳብ ግን የኔ ነው። ኤልቪራ።) አትግቢ ብያት ነበር። የምለውን ብቻ ጻፊ ብያት ነበር።

ያልሽው ልክ ነው። ዓይኔ ሄዷል። ዳር ዳሩ ይታየኛል፤ መሃሉ ግን የለም። ሰው ፊት ለፊት ሳየው ጆሮዎቹ አሉ፣ ፊቱ የለም። ሐኪሙ አይመለስም ብሏል። መንጃ ፈቃዴን የመለስኩት ፌብሩዋሪ ላይ ነው፤ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት ማለት ነው። ሠላሳ አምስተኛዬ ነው ያልኩሽ ጉራዬን ነበር። አፈርኩ፤ ሌላ ምክንያት የለውም። መርፌውን ግን የቀየርኩት እኔ ነኝ፣ በጣቴና በጆሮዬ። እሱ ውሸት አይደለም።

ወደ ቤታኒ የነዳችው ኤልቪራ ናት። (በሥርዓት ነው የነዳሁት።) ላም ቀድማናለች። (ላሟ ቸኩላ ነበር።)

አሁን ነገሩ እንዲህ ነው። ዋግቴል ካልተነዳች ትደርቃለች፤ ጎማዋም፣ ቱቦዋም፣ ልቧም። ኦክቶበር ላይ ኮረብታውን የሚያወጣት ሰው ካላገኘሁ ለፕራውስ ሰጥቻት አሥረኛዋን ብርድ ልብስ ትለብሳለች። ሌላ ሰው ያልፈለግሁ እንዳይመስልሽ፤ ፈልጌያለሁ። የእህቴን የልጅ ልጅ ዲንን አስቀምጬው ወጣን፤ እንደ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ናጠኝ። ፓስተራችን ደግሞ እስከ ሁለተኛው ኩርባ መልአክ ነበር። ሦስተኛው ላይ የኋላ ጎማዎቿ ተንሸራተው ጭራዋ ሲወጣ «ጌታ ሆይ!» ብሎ ነዳጁን ለቀቀ፣ ዞርን። ጭራዋ ሲወጣ ነዳጅ አይለቀቅም፤ ልቀቅ የሚልሽ ፍርሃት ነው፣ የምትወድቂውም ስትለቂ ነው። ለሁለቱም መውደቃቸውን ፊት ለፊት ነገርኳቸው፤ ፓስተሩ ለሁለት እሑድ አኩርፎኝ ነበር።

እንግዲህ የዘገየሁበትን ልናገር። ኤልቪራ፣ ይሄን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ጻፊ።

በ1986 እግርሽን ያነሳሽው አንቺ ስለ ፈራሽ አይደለም። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ጭራዋ ሲወጣ አያያዝሽ ልክ ነበር። መቀመጫዬ ነግሮኝ ነበር። እኔ ግን ዓይኔን ከፈትኩ። ገደሉን አየሁ፤ አልማን ምን ብዬ እነግራታለሁ የሚል ሐሳብ መጣብኝና ትንፋሼን በኃይል ሳብኩት። ያንን ሰምተሽ ነው እግርሽን ያነሳሽው። ኩርባው ዳር የተደረደረው የጭድ እስር ውስጥ ተሰክተን፣ የግራ ጎማ መከለያ ክንፏ ተሰንጥቆ፣ አንቺ እያለቀስሽ «ይቅርታ» ስትዪኝ እኔ ምንም አላልኩም። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ፈታኙ ዓይኑን ከከፈተ ፈተናው ፈርሷል፣ የፈታኙም ስም ይጻፋል። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ዓይኑን የከፈተ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያው ልሆን አልወደድኩም። ስለዚህ ያንቺን ስም ጻፍኩ።

በዓመቱ አገር ለቀሽ ሄድሽ። በሱ ምክንያት ነው አልልም። አይደለም ማለትም አልችልም።

የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። መርፌም ቱቦም አይደለም። ነይና አውጪኝ።

አልዊን

(እኔም አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ሲያስጽፈኝ ሦስት ጊዜ ውሃ ጠጣ። ነይ። ኤልቪራ።)


ኢንቨርነስ
ሴፕቴምበር 9 ቀን 1998

ለተከበሩ አጎቴ ለአልዊን፣ ለጸሐፊዎም ለኤልቪራ፣

ሰላምና ብርታት ለሁለታችሁ። ስለ ዓይንዎ አዝኛለሁ፤ ከልቤ። ይህን አስቀድሜ ልበል፣ ከዚህ በኋላ የምለው ስለሚጎረብጥ።

አውቅ ነበር። ትንሿ መስታወት ያን ቀን ዘንበል ብላ ነበር፤ የኋላውን መንገድ ሳይሆን እርስዎን ነበር የምታሳየኝ። ዓይንዎ እንደ እንቁላል ተበልጥጦ አይቻለሁ፤ ትንፋሹንም ሰምቻለሁ። «ይቅርታ» ያልኩት ክንፏ ስለተሰነጠቀ እንጂ ስለ እግሬ አልነበረም። ማታ ቤት ስንደርስ ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። እሑድ ይናገራል አልኩ። ኖቬምበር ላይ መጽሐፉን ተነስተው «እግሯን አነሳች» ብለው ሲያነቡ ጠረጴዛው ዳር ተቀምጬ ነበር፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። አሥራ ሁለት ዓመት ግን ረጅም ሌሊት ነው፣ አጎቴ።

ተቆጥቼ ነበር። አሁንም ትንሽ ተቆጥቻለሁ። አውቶቡስ ነጂ የሆንኩትም እግሬን እንደማላነሳ ለማረጋገጥ ይሆን እያልኩ ራሴን የጠየቅሁባቸው ቀናት አሉ። ሆኖም ስለ እናቴ ብለው ዓይንዎን እንደከፈቱ አላውቅም ነበር። ያንን ሳነብ አውቶቡሱ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፤ እንኳን ብቻዬን ሆንኩ።

ኦክቶበር 1 ቀን አዴሌድ እደርሳለሁ። የሦስት ሳምንት ፈቃድ ተሰጥቶኛል። ዲን ከአውሮፕላን ማረፊያ ይውሰደኝ፤ ቀስ ብሎ እንዲነዳ ንገሩት።

እኔም የምጠይቅዎ አንድ ነገር አለ። መኪናዋን አይደለም፤ ከወደቅሁ ለፕራውስ ይስጧት። ያችን መስመር ነው። መጽሐፉ ላይ ትስተካከልልኝ።

ቴያ


ኢንቨርነስ
ኖቬምበር 1 ቀን 1998

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ። በደህና ገብቻለሁ። ኤልቪራ በሻንጣዬ የሸጎጠችው በጨው የተዘፈዘፈ ኪያር ሱሪዎቼን በሙሉ አግምቷቸዋል፤ ዱጋል «ምን ሞቶ ነው?» አለኝ። አቀመስኩት፤ አሁን ማሰሮውን አልመልስም ብሏል።

ዓይን ስለሌለዎ ያን እሑድ እኔ ያየሁትን ልጻፍልዎ፤ ኤልቪራ ታንብብልዎ። አዲሱ ቅጠል ገና ወጥቶ ነበር፤ ቁልቁለቱ ሁሉ ብሩህ አረንጓዴ። ቁጥር አሥራ ሰባት ቀይ ቀለሟ ከኮፈኗ ላይ ደብዝዞ የቲማቲም ወጥ መስሏል። ሌሎቹ አሥራ ስምንት ዋግቴሎች ተደርድረው ባለቤቶቻቸው እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው ቆመዋል። ፕራውስ ከአንድ ጥግ ፎቶ ያነሳ ነበር። ዲን «ቴያ፣ ጭዱን ጨምረንልሻል!» ብሎ ጮኸ፤ ተሳቀ። እርስዎ አልሳቁም።

ገብተው ተቀመጡ። ጉልበትዎ ተሳደበ።

«ጨፍኛለሁ» አሉኝ።

«ማየት የማይችል ዓይንን ምን ያስጨፍነዋል?»

«ሕግ ነው። ንጂ።»

የመጀመሪያው ኩርባ ላይ አያያዜ ጠንክሮ ነበር፤ ወዲያው ነገረችኝ፣ መሪው ተንቀጠቀጠ። ለቀቅ አደረግሁት። ሁለተኛው ላይ ዝም አለች፤ እርስዎ ማዳመጥ የሚሉት ነገር ያኔ ገባኝ። ሦስተኛው ላይ ጭራዋ ወጣ። ገደሉ በግራ በኩል መጣ። ጆሮዬ ግን ገደሉ ላይ አልነበረም፤ አጠገቤ ነበር፣ ያንን ትንፋሽ እየጠበቀ። አልመጣም። እግሬ ባለበት ቆየ። ጭራዋ ተመልሶ ገባ፣ ጫፉ ላይ ወጣን።

«አለቀ?» አሉ።

«አለቀ። ዓይንዎን ይክፈቱ።»

«ከታች ጀምሮ እንደከፈትኩ ነው» አሉኝ።

«ጨፍኛለሁ አላሉኝም እንዴ?»

«ዋሸሁሽ። ዓይኔን ከፍቼ ዝም ማለት እችል እንደሆነ ላየው ፈልጌ ነው። ሕጉ ለሚያይ ዓይን ነው፤ ፈተናሽ አይፈርስም።»

ያንን ሲሉ ፊትዎን ወደኔ አዞሩ። ጆሮዬን እንጂ ፊቴን እንደማያዩ አውቃለሁ፤ ግን እንባዬን ጠረግሁ።

እኔም ለምን ለሚለው ጥያቄ የራሴን መልስ አግኝቻለሁ። ሰዎች የሚሉትን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ ፍጥነቷ፣ ድምፅዋ፣ ቁመናዋ። የኔ ይህ ነው፦ እሷ ያደረጉትን ባደረጉበት ቅጽበት ትነግርዎታለች፤ አትደብቅም፣ ለሌላ ቀን አታቆይም። እኛ ዘመዳሞቹ አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀብን።

ቁጥር አሥራ ሰባትን ስለሰጡኝ ምን እንደምል አላውቅም። ሥራዬን ለቅቄ ፌብሩዋሪ ላይ እመጣለሁ፤ የታኑንዳ ትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ እንደሚፈልግ ኤልቪራ አጣርታለች። እስከዚያ እሑድ እሑድ እሷ መኪናዋን ታንቀሳቅስልኝ፤ ላሞቹን ታስቀድም።

የመጨረሻው ቀን ላይ የመኪናዋን የፊት መሳቢያ ከፍቼ መጽሐፉን አየሁ። «ቴያ ዝዋር፣ 1998፣ አለፈች» ይላል፣ በኤልቪራ እጅ። በላዩ ያለችው የ1986ቷ መስመር እንደ ነበረች ናት። ምንም አላልኩም። አሁንም ምንም አልልም።

ቴያ


ታኑንዳ
ኖቬምበር 16 ቀን 1998

ልጄ ቴያ፣

ጌታ መምጫሽን ያቅናልሽ። ይህ የራሴ እጅ ነው። ኤልቪራ ካርቶን ላይ በመቀስ መስመር መስመር ቀድዳልኛለች፤ ቀዳዳው ውስጥ እጽፋለሁ። ከወጣሁም ወጣሁ።

መስመሯን ዝም ብዬ ያለፍኩ መስሎሽ ነበር። ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ መሰረዝማ ቀላል ነው፤ የሳቁት ሰዎች ግን ክፍል ውስጥ አልነበሩም። ምሳውን ነው የጠበቅሁት። አስቀድሜ እንዳልነግርሽ ደግሞ ፈራሁ፤ እግሬን ካነሳሁስ ብዬ።

ትናንት እሑድ ነበር። ቋሊማው ከተበላ፣ የኤልቪራ ፍርፋሪ ኬክ ካለቀ በኋላ፣ እንደ ልማዱ በዕድሜ ትልቁ ባለቤት ተነስቶ መጽሐፉን ያነባል። ትልቁ እኔ ነኝ። መጽሐፉን ዘርግቼ ቆምኩ። ማንበብ አልችልም፤ ግን በሠላሳ አምስት ዓመት በቃሌ ይዤዋለሁ። ሁሉንም ተራ በተራ አልኩት። 1986 ላይ ስደርስ ዲን ገና ከመጀመሬ መሳቅ ጀመረ፤ ሁሌ የሚሳቅበት ቦታ ነውና።

«ቆይ» አልኩት። «ይህ መስመር ውሸት ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዓይኔን ከፍቼ ነበር።»

አንድ ሰው ሹካውን ሲያስቀምጥ ሰማሁ። ነዳጁን ግን አልለቀቅኩም። ኤልቪራ ብዕሩን አስያዘችኝ፣ ጣቴን መስመሩ ላይ አኖረችልኝ። ጻፍኩ። በመጀመሪያ የተናገረው ፕራውስ ነው፣ ማን ይገምታል?

«ታዲያ ልጅቱ ያኔውኑ አልፋ ነበር ማለት ነው?» አለ።

«በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ» አልኩት።

«እኔ በሃምሳ ሦስት ዓመቴ እንኳን ፈተናውን ለመጠየቅ አልደፈርኩም» አለና ብርጭቆውን አነሳ። ሁሉም አነሱ። ሁለት ሰዎች ወደኔ አልመጡም፤ ልክ ናቸው፤ እኔም ብሆን አልመጣም ነበር። ፓስተሩ ግን መጥቶ እጄን ጨበጠኝ። «አሁን ማን እንደሚያኮርፍ እናያለን» ብሎ ሳቀ።

ጽሑፌ በሦስት ሰው መስመር ላይ ተጋድሟል ትላለች ኤልቪራ። ይጋደም። የተጻፈው ይህ ነው፦ «ቴያ እግሯን ያነሳችው እኔ ዓይኔን ስለ ከፈትኩ ነው። አልዊን ኖስከ።»

ፌብሩዋሪ ስትመጪ ወደ ቤታኒ ይዘሽኝ ትሄጃለሽ። ወይኑ ያኔ ይጠቁራል። አንቺ ትነግሪኛለሽ። ከእንግዲህ ፈታኝ አይደለሁም፣ ተሳፋሪ ነኝ፤ ስለዚህ ዓይኔን ከፍቼ እሄዳለሁ።

አጎትሽ አልዊን